ቴፒን ያስከፈለችኝ እንቆቅልሽ

ጡረታ ስወጣ ትምህርት ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ደወል ሲያሯሩጣት ለኖረች ሴት ሰዓት መሸለም ምን የሚሉት ቀልድ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ባትሪውን አውጥቼ ሳሎን ሰቅየዋለሁ። አሁን ሚዛን ተፈሪ ላይ ጠዋት የምነሣው ዝናቡ ሲያባራ ነው፤ አንዳንድ ቀን እንግዲህ ጭራሽ አልነሣም ማለት ነው።

ከሰዓቱ ይልቅ የምሳሳለት ሌላ ዕቃ አለኝ፤ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ የካርቶን ቁራጭ። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ አንድ ፊደል ተጽፏል፤ ክ፣ ሮ፣ ሞ፣ ዞ፣ ም። ከሳሙና ካርቶን የተቆረጠ አለ፣ ከብስኩት ካርቶን የተቆረጠ አለ፤ የሳሙናው እስከ ዛሬ ይሸታል። አዲሱ ርዕሰ መምህር ዕቃ ክፍሉን ሲያስጸዳ ይህ ቆሻሻ ይጣል ወይ ብሎ አስጠየቀኝ። ልጅነት ነው ብዬ አልተቀየምኩትም፤ በባጃጅ ጭኜ ቤቴ አመጣሁት። የሥራ ዘመኔ ተጠቅልሎ ያለው እዚያ ማዳበሪያ ውስጥ ነው።

የባዮሎጂ መምህርት ነበርኩ። መጀመሪያ ላይ ታችኛውን ክፍል አስተማርኩ፤ በክረምት ትምህርት እየተማርኩ ወደ ላይኛው ክፍል የወጣሁት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። ተማሪዎቼ ቤታቸው ቤንችኛ፣ ሸኮኛ ወይም ከፍኛ ይናገራሉ፤ ገበያ ሲወጡ አማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛን የሚያገኙት እኔ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። የዘር ውርስ ትምህርት ደግሞ ከእንግሊዝኛም የባሰ ቋንቋ አለው። አሊል፣ ጂኖታይፕ፣ ሆሞዛይገስ! ልጆቹ ቃሉን ሳይፈሩ ነገሩን እንዲያስቡት ማድረግ ነበር ሥራዬ፤ ይህንንም ከጋሽ ወርቁ ተማርኩት።

ጋሽ ወርቁ ሚዛን ከኔ በፊት ረጅም ዘመን ባዮሎጂ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጠመኔያቸውን በወረቀት ጠቅልለው ስለሚይዙ ልብሳቸው ነጭ ሆኖ አያውቅም፤ እኔ ግን ከሰዓት በኋላ ከወፍጮ ቤት የወጣሁ እመስል ነበር። አንድም ቃል፣ ቤታችሁ ይህን ምን ትሉታላችሁ ብለው ሳይጠይቁ ሰሌዳ ላይ አይጽፉም። የቃላት ጨዋታውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው፤ ቃላቱ አግድምና ቁልቁል እየተቋረጡ የሚገቡበትን ሳጥን ይሠሩና፣ ፊደሎቹን በካርቶን ቆርጠው ልጆቹ እየተነሡ እንዲሰኩ ያደርጋሉ። መጀመሪያ ረጅሙን ቃል አስቀምጪ ይሉኝ ነበር። ክሮሞዞም አግድም ይተኛል፤ ሆሞዛይገስ በ"ሞ" በኩል ቁልቁል ያቋርጠዋል፤ ጂን ደግሞ በ"ን" ከዶሚናንት ጋር ይገጥማል። ሪሴሲቭ ግን ከማንም ጋር አልገጥም ብሎ ሁልጊዜ ዳር ላይ ብቻውን ይቀራል። ጋሽ ወርቁ ጠባዩ ነው፣ መደበቅ ይወዳል ብለው ያልፉታል።

ከሳጥኑ በፊት ደግሞ ለእያንዳንዱ ቃል እንቆቅልሽ አላቸው። "እንቆቅልህ" ሲሉ ክፍሉ "ምን አውቅልህ" ይላል፤ ያላወቀ አገር ይሰጣል። ልጆቹ አዲስ አበባን ስንት ጊዜ እንደሰጧቸው ፈጣሪ ይወቅ። እንቆቅልሹን ግን ክፍል ከማስገባታቸው በፊት በባለቤታቸው በእትዬ ብዙነሽ ላይ ይሞክሩታል። እትዬ ብዙነሽ ምስር እየለቀሙ ያዳምጡና ቃሉ ጆሯቸው ውስጥ ምን እንደሚመስል ይናገራሉ። ሚቶሲስና ሚዮሲስ ሲባሉ መንታ ናቸው እንዴ ብለው ጠየቁ፤ ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ጠባያቸው የማይገጥም መንታዎች ሆነው ተሰጡ። ፊኖታይፕን ፎቶ ብለው ሰሙት፤ ጋሽ ወርቁም ፊኖታይፕ ማለት ፎቶ ላይ የሚወጣው ነው ብለው አስተማሩ። ያንን የረሳ ተማሪ አላጋጠመኝም።

በዚያው በሚዛን ዘመን አንድ ነገር አየሁ። ጊዜው ሰው ሁሉ በየቅጹ ላይ ብሔርህ ምንድን ነው የሚባልበት ነበር። ጋሽ ወርቁ ዘር እንዴት እንደሚወረስ ሲያስረዱ አንድ ልጅ ተነሣና፣ የኔ ዘር ነው ዶሚናንት ወይስ የሱ ብሎ ከጎኑ ወደተቀመጠው ጓደኛው ጠቆመ። ጋሽ ወርቁ ሰሌዳውን አጥፍተው ወጡ። በማግሥቱ ነጭ፣ ቢጫና ቀይ ፍሬ የተቀላቀለበት በቆሎ ይዘው መጡና ለሁለቱ ልጆች አስያዟቸው። "ዶሚናንት ማለት ጮኾ የሚናገር ማለት ነው፤ እውነት የሚናገር ማለት አይደለም" አሉ። "ሪሴሲቭም ዝም ያለ ነው እንጂ የሌለ አይደለም። ሁሉም ያሉት አንድ ቆረቆንዳ ላይ ነው።" እኔም ያን ቀን "ዘር" የሚባል ቃል ክፍሌ እንደማይገባ ለራሴ ቃል ገባሁ። መጽሐፍ ላይ "ዘረመል" የሚለውን ስም ባየውም ዘለልኩት። ጂን ማለት ይሻላል፣ ማንንም አይነካም አልኩ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው።

ቴፒ ተዛወርኩ። ደመወዙ ያው ነው፤ የወባ መድኃኒት መግዣ ብቻ ተጨመረበት። ቴፒ ቆላ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮው ሥር ተማሪውም መምህሩም ይፈዛል። ርዕሰ መምህሩ ጸጥ ያለ ክፍል ሁሉ የተማረ ክፍል ይመስላቸዋል። የኔን ጫጫታ ሲሰሙ በር ላይ ይቆሙና ክፍሉ ገበያ ሆነ ይላሉ። ገበያ ካልሆነማ ምኑ ይሸጣል እላቸው ነበር፤ እየሣቁ ይሄዳሉ፤ ደህና ሰው ነበሩ።

አሥረኛ ክፍል ውስጥ ሰሚራ የምትባል ልጅ ነበረችኝ። አባቷ አቶ ከድር ቤተሰቡ ከስልጤ አገር የመጣ ነጋዴ ነው፤ ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ አለው። በክፍሉ ካሉት ጥቂት ሴቶች አንዷ ናት፤ እጇን ስታነሣ እንኳ ክርኗን ከጠረጴዛው አታላቅቅም። አንድ ቀን ሳጥኑን ሰቅዬ ሪሴሲቭን እንደ ልማዱ ዳር ላይ ሳስቀምጠው፣ ቀስ ብላ ተነሣችና አንድ ካርቶን ይዛ መጣች። ከሪሴሲቭ "ሴ" ሥር "ል" ሰካች፤ ሴል ሆነ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞራ፣ የተደበቀውም ቢሆን የሚኖረው ሴል ውስጥ ነው አለች። ጋሽ ወርቁ ያን ሁሉ ዘመን ያላዩትን! የዚያን ዕለት እንዲህ የምታስብ ልጅ ማትሪክ ካላለፈች እኔ ምን ላደርግ አስተምራለሁ ብዬ አሰብኩ።

ለጂን እንቆቅልሽ የሠራሁት በዚያው ሰሞን ነው። "በዓይን አይታይ፣ በእጅ አይዳሰስ፤ ከእናቱ ወርሶት በልጁ ይገለጥ፤ ምንድን ነው?" ልጆቹ "ጂን!" ብለው ሲመልሱ ቆርቆሮው ይነቃነቃል። እትዬ ብዙነሽ ሩቅ ስለነበሩ የሥራ ባልደረቦቼ ላይ ሞከርኩት፤ ሁሉም አጨበጨቡ። እንቆቅልሹ ከክፍል አልፎ ሰፈር ገባ። ትንንሾቹ ልጆች ውኃ ሲቀዱ ይጫወቱታል። እኔም መንገድ ላይ እየሰማሁ ደረቴን ነፋ አድርጌ እሄድ ነበር።

ከዚያ ሰሚራ ቀረች። አንድ ቀን አይደለም፣ ሁለት ቀን አይደለም፣ ቀረች። ልጆቹን ብጠይቅ መሬት መሬት ያያሉ። በመጨረሻ ሳሙና ልግዛ ብዬ ወደ ሱቁ ሄድኩ። አቶ ከድር ሁልጊዜ ከወንበሩ ተነሥቶ ነው ሰላም የሚለኝ፤ የዚያን ቀን አልተነሣም። ሳሙናውን አስቀመጠና፣ "ቲቸር፣ እኛ ምን አደረግንዎት?" አለኝ።

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ቀጠለ። "የቤቴን ጉዳይ ማን እንደነገረዎት አላውቅም። ግን ልጅ ሰብስቦ 'ከእናቱ የወረሰው ጂን' እያሉ ማስጮህ ካስተማሪ አይጠበቅም። ሰሚራን አንድ ሰው ጠይቋታል፤ እድራታለሁ። የቤቴ ጉዳይ ሳይሰማ ይሻላል።"

ነገሩን እሱ ሲናገር ቀስ በቀስ ነው የተረዳሁት። ባለቤቱ ዘይነባ የሚጥል በሽታ አለባት። ዘመዱ ሁሉ ጅኒ ነው ይላል፤ ለዓመታት ከጓሮ ወጥታ አታውቅም። አንድ ቀን ደፍራ እስከ ውኃ ቦኖው ስትሄድ የሰፈር ልጆች ተከትለዋት "ጂን! ጂን!" ብለው ጮኹ፤ እዚያው ወደቀች። የኔን እንቆቅልሽ፣ በኔው ዜማ። ሳሙናውን ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ። በማስተማር ዘመኔ ክፍል ገብቼ ማስተማር ያቃተኝ በማግሥቱ ብቻ ነው። ጠመኔውን ይዤ ቆምኩ፤ አንድ ቃል ሳልጽፍ ደወል ተደወለ።

ቅዳሜ ሚዛን ሄድኩ። እትዬ ብዙነሽ ምስር ይለቅሙ ነበር። እንቆቅልሹን ገና ብዬ ሳልጨርስ አማትበው፣ ምን ዓይነት ጅኒ ነው ደግሞ በእናት የሚወረሰው አሉ። ጋሽ ወርቁ በማን ላይ እንደሞከርኩት ጠየቁኝ። በባልደረቦቼ ላይ አልኳቸው። ሁሉም የተማሩ ናቸው ወይ አሉ። አዎ አልኩ። እንግዲያውስ ማንንም አልጠየቅሽም አሉኝ። አልተቆጡም፤ ሻይ ቀዱልኝና ቆይተው የነገሩኝ ይህን ነው፦ "ለማስረዳት አትሂጂ፣ አስካለ። ካስረዳሽ አንቺ አስተማሪ፣ እነሱ ተማሪ ይሆናሉ፤ የተበደለ ሰው ደግሞ ትምህርት አይሻም። ቃሉን ይዘሽላቸው ሂጂና ስም አውጡልኝ በያቸው።"

እሑድ ከሰዓት ስኳር ይዤ ሄድኩ። ሱቁ ተዘግቷል፤ ከበስተኋላ ባለው ቤት አቶ ከድር ለእንግዳ የሚሆነውን ያህል ብቻ ተቀበለኝ። በመካከላችን መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ሰው እንዳለ ይታወቃል። ቃሉ የፈረንጅ እንደሆነ፣ እኔ ስለ ቤታቸው ምንም አላውቅ እንደነበር፣ ስሙ ጅኒን የሚመስለው እንዲያው በክፉ አጋጣሚ እንደሆነ ተናገርኩ። ከዚያ ምን እንደሆነ ነገርኳቸው፤ እናትና አባት ለልጅ የሚያወርሱት የዓይን ቀለም፣ የቁመት፣ የፀጉር ምልክት፣ ሁላችንም ዘንድ ያለ። ስም ጠፍቶኝ ነው የመጣሁት፣ ስም አውጡልኝ አልኩ። አቶ ከድር ስኒውን ወደ ጎን ገፋ። ሽንፈት እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም፤ ልነሣ ተዘጋጀሁ።

"እንቆቅልሽ" አለ ድምፅ ከመጋረጃው ወዲያ።

የልማድ ነገር ሆኖ አፌ ቀደመኝ፤ "ምን አውቅልሽ።"

"ስትወድቅ ሁሉ ያያታል፣ ስትነሣ ማንም አያያትም።"

አቶ ከድር ዘይነባ ብሎ ሊያስቆማት ፈለገ፤ ግን ጨዋታ ተጀምሯል። ዝናብ ናት አልኩ፤ ወርዳ ትታያለች፣ በእንፋሎት ስትነሣ አትታይም። መቼም የሳይንስ መምህርት ነኝ። አይደለችም አለች። ቅጠል ናት አልኩ። አይደለችም።

"አገር ስጪኝ" አለች።

"ቴፒን ሰጠሁሽ።"

"ቴፒን ምን ላድርጋት፤ አልወጣባት፣ አልገባባት" አለችና መጋረጃውን ገለጠችው። "መልሱ እኔ ነኝ።"

አለቀስኩ። ሰው ቤት በእንግድነት ሄዶ ማልቀስ ነውር ነው፤ ግን አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ቀጭን ናት፤ ግንባሯ ላይ የመውደቅ ጠባሳ አለ፤ ዓይኗ ቁርጥ የሰሚራ ነው። ጨዋታው አንቱታ አያውቅምና አንቺ ብላኝ ነበር፤ አንቱታው ከዚያ ቀን ወዲያ አልተመለሰም። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ራሷ አይደለም፤ ይህ ነገር ለሰሚራ ይተላለፋል ወይ አለችኝ። አይተላለፍም ብዬ አልማልኩላትም። ብዙውን ጊዜ እንደማይተላለፍ፣ ቢተላለፍም ጤና ጣቢያ ኪኒን እንዳለው፣ ለእሷም እንዳለው ነገርኳት። ስለ ኪኒኑ አልሰማችም ነበር። አቶ ከድር ቀና ብሎ አየኝ።

ከዚያ ስሙን አወጣችው። ከእናቴ ተቀበልኩት፣ የራሴ አይደለም፣ ለልጄ አስረክባለሁ፤ አደራ ነዋ አለች፣ ይህን ያህል አስቸጋሪ ነገር ነው እንዴ በሚል ድምፅ። አቶ ከድር ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈታ አለ። በአደራ ሰው አይሰደብም አለ። አሁን አገር መጠየቅ የኔ ተራ ነው ብዬ፣ አገር ይቅርብኝ ልጅቷን ስጡኝ አልኩ። አቶ ከድር ደንግጦ ለማን አለ፤ ለወንድሜ የጠየቅኩ መስሎት። ዘይነባ እስክትታጠፍ ሣቀች። ለማትሪክ ነው ያለችው እሷው ናት።

ሰሚራ ሰኞ ተመለሰች። እኔም ሰሌዳው ላይ አዲሱን እንቆቅልሽ ጻፍኩ። "እናት ትሰጣለች፣ አባት ይሰጣል፤ ልጅ ተቀብሎ ለልጁ ያስረክባል፤ ምንድን ነው?" መልሱ አደራ፤ በፈተና ሲመጣ ጂን ብላችሁ ጻፉት አልኩ። የቤት ሥራ ብዬ የሰጠሁት እያንዳንዳቸው ይህን እንቆቅልሽ ለሰፈራቸው ትንንሽ ልጆች እንዲያስተምሩ ነው። ሁሉም ተማሪ የሠራልኝ የቤት ሥራ እሱ ብቻ ነው። የድሮው ወዲያው አልጠፋም፤ ወሬ ከበሽታ ይበልጥ ይተላለፋል። ቢሆንም ከጥቂት ወራት በኋላ ቦኖው ጋ "አደራ!" ብለው ሲጮኹ ሰማኋቸው። ዘይነባ ከሰሚራ ጋር ጤና ጣቢያ መመላለስ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ ያለው የተለመደ የመምህር ኑሮ ነው። ሸኮ ላይ ጥቂት ዓመት አስተማርኩ፤ ልጆቹ ለአደራ የሸኮኛ ስም አወጡለትና ለመጥራት እስክማር ሣቁብኝ። ፕላዝማ መጣ፤ ቴሌቪዥን ውስጥ ያለው መምህር ገባችሁ አልገባችሁ ሳይል ይጋልባል። ሲያበቃ የሚተርፈኝ ጊዜ ካርቶኔን ለመስቀል ብቻ ይበቃኝ ነበር፤ እሱም አልከፋም። ከዚያ ሚዛን ተመለስኩ። ጋሽ ወርቁ አርፈዋል። እትዬ ብዙነሽ በርትተዋል፤ አሁንም ምስር ይለቅማሉ። አዲስ እንቆቅልሽ ባገኘሁ ቁጥር እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ። ሰሚራ ማትሪክ አልፋ መምህርት ሆነች፤ ዛሬ ሸዋ ቤንች ባዮሎጂ ታስተምራለች። ማዳበሪያውን ልስጥሽ ብላት የራሴ አለኝ አለችኝ።

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ በር ተንኳኳ። ስከፍት ዘይነባ ናት፤ ጃንጥላዋ ውኃ ያንጠባጥባል፣ በፌስታል ማንጎ ይዛለች። ከማን ጋር መጣሽ ብዬ ከኋላዋ ብመለከት ማንም የለም። በሚኒባስ፣ ብቻዬን አለች። ገብታ ተቀመጠችና ግድግዳውን አየች። ሰዓቱ ለምን ቆመ አለችኝ። ቸኩለሻል እንዴ አልኳት። አልቸኮልኩም፣ መኪና ካጣሁ እዚሁ አድራለሁ አለች።

ማንጎውን ላጥበው ስነሣ እጄን ያዘችኝ። "ያን ጊዜ የሰጠሽኝን ቴፒን አልተቀበልኩሽም ነበር" አለች። "አሁን ተቀብያታለሁ።"